የብስክሌት ጎማ ስንት ንፋስ ይበቃዋል?

አንድ መካከለኛ የቤት መኪና 1,200 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ጎማው ውስጥ የሚሞላው ንፋስ ግን ብዙውን ጊዜ 32 ወይም 33 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። 14 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት 70 ኪሎ ሰው ተሸክሞ ሲሄድ ደግሞ፣ ጎማው ቀጭን ከሆነ 80 ፒ.ኤስ.አይ. ይጠይቃል። ከባዱ በትንሽ ንፋስ ይቆማል፣ ቀላሉ ብዙ ይፈልጋል። ጎሚስታ ዘንድ ቆሞ ይህን የሚሰማ ሰው ቁጥሩ የተሳሳተ ቢመስለው አይፈረድበትም። ቁጥሩ ግን ልክ ነው። ምክንያቱን ማወቅም ይጠቅማል፤ ምክንያቱ የገባው ሰው ለራሱ ብስክሌት የሚበቃውን ንፋስ ማንንም ሳይጠይቅ ሊወስን ይችላልና።

ነገሩን በኪሎና በሴንቲ ሜትር እናስላው። 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. 1 ባር ነው፤ 1 ባር ደግሞ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ይገፋል። የመኪናው አንድ ጎማ 300 ኪሎ ይሸከማል። ንፋሱ 2.2 ባር ከሆነ፣ ያን ክብደት ለመሸከም 136 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት መንካት አለበት፤ ስለዚህ ያን ያህል እስኪነካ ድረስ ይተኛል። የብስክሌቱ የኋላ ጎማ የሚደርሰው ክብደት 50 ኪሎ ገደማ ነው። በ80 ፒ.ኤስ.አይ.፣ ማለትም በ5.5 ባር ሲሞላ መሬት የሚነካው ቦታ 9 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ንፋሱን በግማሽ ብናጎድለው የሚነካው ቦታ እጥፍ መሆን አለበት፤ ጎማውም ለዚያ ሲል ይበልጥ ይተኛል።

ችግሩ የሚመጣው መተኛት ላይ ነው። የመኪና ጎማ ከቸርኬው እስከ መሬቱ ድረስ ግማሽ ስንዝር ያህል ከፍታ ስላለው ጥቂት ቢተኛ ምንም አይሆንም። የማውንቴን ብስክሌት ጎማ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አለው። የቀጭኑ የእሽቅድምድም ብስክሌት ጎማ ያለው ግን ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፤ ብዙ ከተኛ ቸርኬው ድንጋይ ያገኛል። ቀጭን ጎማ ብዙ ንፋስ የሚጠይቀው የሚተኛበት ቦታ ስለሌለው ነው።

የዚህ ተቃራኒ ጎኑም መታወቅ አለበት። በእኩል ንፋስ ሲሞሉ የሰፊው ጎማ ጨርቅ ከቀጭኑ ይልቅ ይወጠራል፤ ስፋቱ እጥፍ ከሆነ ውጥረቱም እጥፍ ነው። ስለዚህ 60 ፒ.ኤስ.አይ. ለቀጭን ጎማ ልል ሲሆን ለ5 ሴንቲ ሜትር ጎማ ድንጋይ ነው። «ጓደኛዬ 80 ይሞላል፣ እኔም 80 ልሙላ» የሚባለው ነገር የማያዋጣው የሁለቱ ጎማ ስፋት ካልተመሳሰለ ነው።

የጎማው ስፋት ጎኑ ላይ ተጽፏል። በዋነኛነት የሚፈለገው በሰረዝ የተያያዘው ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ 50-559። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር ነው። 559 በገበያ «26» የሚባለው የማውንቴን ብስክሌት ነው፤ 622 ደግሞ በአንዱ ብስክሌት ላይ 700፣ በሌላው 28፣ በሌላው 29 ተብሎ ይሸጣል። ጎማ ሊገዙ ሲሄዱ ይህን ሁለተኛ ቁጥር ይዘው ይሂዱ። በኢንች ብቻ የተገዛ ጎማ ቸርኬው ላይ አልገባ ሲል ከሻጩ ጋር መጨቃጨቅ የተለመደ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ደግሞ እውነት አላቸው።

እዚያው አጠገብ የንፋሱ ቁጥር አለ፤ «ከ40 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ.» ወይም «ከፍተኛ 65» የሚል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከፍተኛው ቁጥር አምራቹ «ከዚህ እንዳታልፉ» ብሎ ያሰመረው ወሰን ነው እንጂ «ይህን ሙሉ» ማለቱ አይደለም። አምራቹ ብስክሌቱ ላይ የሚወጣው 45 ኪሎ የሆነች ተማሪ ትሁን ወይም 95 ኪሎ ሰው ከነአንድ ጆንያ ጤፉ፣ የሚያውቀው ነገር የለም።

ታዲያ ስንት? 70 ኪሎ ለሚመዝን፣ አስፋልት ላይ ለሚነዳ ሰው መነሻ የሚሆኑ ቁጥሮች እነሆ። ከ50 እስከ 53 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው የማውንቴን ጎማ፣ ለኋላው ከ38 እስከ 40፣ ለፊቱ 33 ገደማ። 38 ሚሊ ሜትር ለሆነው የከተማ ብስክሌት፣ ለኋላው 50፣ ለፊቱ ከ42 እስከ 45። 28 ሚሊ ሜትር ለሆነው ቀጭን ጎማ፣ ለኋላው ከ75 እስከ 80፣ ለፊቱ 65 ያህል። የፊቱ የሚቀንሰው፣ ሰው ብስክሌት ላይ ሲቀመጥ ከክብደቱ 60 በመቶ የሚጠጋው ወደ ኋላ ስለሚያርፍ ነው። 10 ኪሎ በጨመሩ ቁጥር ንፋሱን በአሥረኛ ያህል ይጨምሩ፤ በቀነሱ ቁጥር በዚያው ልክ ይቀንሱ። ኮብልስቶን ወይም ጠጠር መንገድ ላይ የሚውል ሰው ከዚህ ከ4 እስከ 6 ፒ.ኤስ.አይ. ቢቀንስ ይሻለዋል። ከኋላ ዕቃ ወይም ሰው የሚጫን ከሆነ ጭማሪው ለኋላው ጎማ ብቻ ነው።

መለኪያ ያለው ፓምፕ ከሌለ በማስመሪያ መሥራት ይቻላል። አሜሪካዊው የብስክሌት ጸሐፊ ፍራንክ በርቶ ብዙ ጎማዎችን እየለካ ያቀረበው ደንብ፣ ሰው ሲቀመጥበት ጎማው ከከፍታው 15 በመቶ ያህል መተኛት አለበት የሚል ነው። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈው፣ ሰው ሳይኖርበት ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ይለኩ። ከዚያ እንደወትሮዎ ተቀምጠው፣ እጅዎን መሪው ላይ አድርገው፣ ሌላ ሰው ያንኑ ቦታ ይለካልዎ። ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ጎማ 7 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ባለ 38ቱ ከ5 እስከ 6፣ ባለ 28ቱ 4 ሚሊ ሜትር ከወረደ ንፋሱ ልክ ነው። ምንም ካልወረደ ንፋሱ በዝቷል፤ ከዚህ በጣም ከወረደ አንሷል። በአውራ ጣት ተጭኖ መፍረድ ግን አይታመንም። ጣት 20ን ከ40 ይለያል፤ 50ን ከ80 ለመለየት ግን በጣም የለመደ ጣት ይጠይቃል።

«ጠንካራ ጎማ ፈጣን ነው» የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ ግማሽ እውነትም አለው። እንደ መስታወት በለሰለሰ ወለል ላይ የተወጠረ ጎማ ሲንከባለል ያነሰ ጉልበት ይበላል። ሸካራ መንገድ ላይ ግን ጎማው ጠጠሯን ውጦ ማለፍ ሲያቅተው ብስክሌቱንና ሰውየውን አብሮ ወደ ላይ ያነሳቸዋል። ያ ከፍ ዝቅ ማለት በነጂው ክንድ፣ ወገብና መቀመጫ ውስጥ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋ ጉልበት ነው። እግር የሰጠውን ሰውነት በንዝረት ይከፍላል። ነጂው መንቀጥቀጡን ፍጥነት አድርጎ ስለሚቆጥረው ነው እምነቱ ያልሞተው። የአውሮፓ ባለሙያ ተወዳዳሪዎች ሳይቀሩ ባለፉት ዓመታት ጎማቸውን ከ23 ሚሊ ሜትር ወደ 28ና ከዚያ በላይ አስፍተዋል፣ ንፋሱንም ቀንሰዋል። ኤርትራዊው ብንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሸነፈው የቤልጅጉ ጌንት ቬቬልገም ውድድር ኬሜልበርግ የሚባለውን ድንጋይ የተነጠፈበት ዳገት ያካትታል፤ እንዲህ ያለ መንገድ ላይ እንደ ድንጋይ በጠነከረ ጎማ የሚወጣ ተወዳዳሪ የለም። የአዲስ አበባ የሰፈር ኮብልስቶንም ከዚያ ብዙ የሚሻል አይደለም።

አሁን ወደ ጎሚስታው እንሂድ። ኮምፕረሰሩ የተሠራው ለመኪና ጎማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 8 ባርና ከዚያ በላይ የታመቀ አየር አለው። የመኪና ጎማ 30 ሊትር ያህል ይይዛል፣ ባለ 28 ሚሊ ሜትሩ የብስክሌት ጎማ ግን 1 ሊትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለመኪና አንድ ደቂቃ የሚወስደው ነገር ለብስክሌት የአንድ ሁለት ሰከንድ ጉዳይ ነው፤ የሚሞላው ልጅ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞር ሲል ከመነዳሪው ጎማውን ከቸርኬው አውጥቶ እንደ ጥይት ይጮሃል። «አንተ ወንድሜ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረግክ ሙላልኝ፣ 40 ሲሆን ይበቃኛል» ማለት ነውር የለውም። ጎማው ከቸርኬው ጋር ዙሪያውን እኩል መቀመጡን እያዩ፣ ትንሽ ሞልቶ ማቆም፣ መለካት፣ እንደገና መጨመር ነው ደንቡ።

በእጅ ፓምፕ የሚሞላ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ለምን ቶሎ እንደሚደክመው ይወቅ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ የሳሳ ነው፤ ፓምፑ በአንድ ምት የሚስበው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚስበው በሩብ ያህል ያንሳል። ያው ጎማ እዚህ ብዙ ምት ይፈልጋል። ብስክሌት በአውቶቡስ ጭኖ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ደግሞ፣ የውጪው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ላይ ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ይጎድልበታል፤ የድሬዳዋ ሙቀት ግን ጎማው ውስጥ ያለውን አየር ስለሚያሰፋው የጎደለውን መልሶ ይሞላዋል። ለዚህ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ይልቅስ ብስክሌቱን ፀሐይ ላይ አቁሞ መዋል ያሳስብ፤ በተለይ ጠዋት በብርዱ እስከ ወሰኑ ተሞልቶ ከሆነ።

ከመነዳሪ ቀዳዳ ባይኖረውም ንፋስ ያጣል። አየሩ በላስቲኩ ውስጥ ቀስ እያለ ያልፋል። ሰፊው ጎማ በሳምንት ትንሽ ሲጎድል፣ ቀጭኑ በጥቂት ቀን ውስጥ የሚታወቅ ያህል ይቀንሳል። በሳምንት አንድ ጊዜ መለካት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ጎማ ሲፈነዳ ወይም ሲተነፍስ ቀዳዳውን ከመለጠፍ በፊት ማንበብ ያስፈልጋል። እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ነው፤ ቀዳዳው የተከሰተውን ነገር ይናገራልና። በቸርኬው በኩል ባለው ጎን፣ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ከተገኙ፣ እሾህም ሚስማርም የለም። ንፋሱ አንሶ ነበር፤ ጉድጓድ ወይም የጠርዝ ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተጨፍልቋል። ልጣፉ ይሠራል፣ ንፋሱ ካልተስተካከለ ግን ነገም ይደገማል። በውጪው በኩል አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለ የግራር እሾህ፣ ሽቦ ወይም ጠርሙስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አሁንም ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ይጠብቃል። ልጠፋውን ጨርሶ፣ ጎማውን ገጥሞ፣ አሥር ሜትር ሳይሄድ እንደገና የሚተነፍስበት ሰው ይህን ያልፈተሸ ነው። የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉት፤ ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ ላይ እሾሁ አለ። በባዶ ጣት መዳሰስ ግን የጠርሙስ ስባሪ ሲኖር ያስከፍላል።

ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ ወደ ቸርኬው መሃል ያለ አንድ ብቻ ከሆነ ተጠያቂው ቸርኬው ነው። ሽቦዎቹ የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች የሚሸፍነው ቀበቶ ተንሸራትቷል ወይም የአንዱ ሽቦ ጫፍ ወጥቷል። ከቫልቩ ሥር የተቀደደ ከመነዳሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው በአነስተኛ ንፋስ ለረጅም ጊዜ መነዳቱን ነው፤ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ቫልቩን ያጋድለዋል። ቫልቩ ቀጥ ብሎ አለመቆሙ ሲታይ ንፋሱን አውጥቶ፣ ጎማውን አስተካክሎ እንደገና መሙላት ከመነዳሪውን ያተርፋል። ከቫልቩ ሥር የተቀደደው ግን ልጣፍ አይይዝለትም፤ መቀየር ነው።

ልጠፋው ራሱ ጥበብ የለውም፣ ትዕግሥት ብቻ ነው። ቀዳዳውን በውኃ ውስጥ አረፋ ፈልጎ ማግኘት፣ ማድረቅ፣ ከልጣፉ ሰፋ አድርጎ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ማስቲሹን በስሱ መቀባት፣ ከዚያ መጠበቅ። ሁሉም የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹ ርጥበቱ ጠፍቶ ሲደበዝዝ እንጂ እርጥብ ሳለ ልጣፍ አይቀበልም፤ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ጎማውን ሲመልሱ ከመነዳሪውን ቅርጽ እስኪይዝ ጥቂት ይንፉት፣ የመጨረሻውን ክፍል በእጅ እንጂ በካቻቢቴ አያስገቡ። ካቻቢቴ አዲሱን ልጣፍ ራሱ ይበሳል። የጎማ መፍቻ ከሌለ የማንኪያ እጀታ ይሻላል።

ከጎማው ወደ ሌሎቹ የብስክሌቱ ክፍሎች እንለፍ። ስለ ካቴናው ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘይት መቀባትን ነው። መጥረግ ግን ከመቀባት ይቀድማል። አሮጌ ዘይት ላይ አዲስ ዘይት ሲጨመር አቧራውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አቧራና ዘይት ሲቀላቀሉ ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናሉ። ከመኪና የወረደ የተቃጠለ ዘይት መቀባት በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ ነጻ ስለሆነ ይወደዳል እንጂ ውስጡ የብረት ብናኝና ጥላሸት ያለበት ስለሆነ ለካቴና አይሆንም። ካቴናውን ላምባ በነካ ጨርቅ ጠርጎ፣ አድርቆ፣ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጥሎ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ከዚያ ውጪው ላይ የቀረውን ዘይት መልሶ መጥረግ ነው። ዘይቱ የሚያስፈልገው ውስጥ ነው፤ ውጪው ላይ የሚያብረቀርቀው አቧራ መሰብሰቢያ ብቻ ነው።

የካቴናን ዕድሜ በተራ ማስመሪያ መለካት ይቻላል። ካቴናውን ወጥረው የአንዱን ፒን መሃል ዜሮ ላይ ያድርጉ፤ ያንን አንድ ብለው ቆጥረው 25ኛው ፒን የት እንደሚውል ይዩ። አዲስ ካቴና ላይ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.7 ከደረሰ መቀየር ይገባዋል። 30.8 ካለፈ በኋላ መቀየር ብዙ ጊዜ ወጪውን ያባዛል፤ ረጅሙ ካቴና የኋላውን ማርሽ ጥርስ በራሱ ልክ በልቶታልና አዲሱ ካቴና እዚያ ላይ ይዘልላል። «ካቴናው ተለጠጠ» ይባላል እንጂ ብረቱ አልተለጠጠም፤ በየመጋጠሚያው ያሉት ፒኖች ተበልተው ክፍተቱ ስለተደማመረ ነው።

ማጠብን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ብስክሌት ላቫጆ አይወሰድም። በኃይል የሚረጨው ውኃ የኩሽኔታዎቹን ግሪስ አጥቦ አሸዋ ያስገባል። ባልዲ፣ ጨርቅና ትንሽ ሳሙና ይበቃል።

የቸርኬው ሽቦዎች እንደ ክራር ጅማት ናቸው፤ በጣት ሲነኳቸው ይናገራሉ። የፊት ጎማ ላይ ሁሉም የሚቀራረብ ድምፅ ሊሰጡ ይገባል። የኋላው ላይ በማርሹ በኩል ያሉት ከወዲያኛው ጎን ይልቅ ስለሚወጠሩ ድምፃቸው ይቀጥናል፤ ያ ጤና ነው። ከጎረቤቶቿ ተለይታ የደነዘዘ ድምፅ የምትሰጥ ሽቦ ግን ላልታለች፣ ቸርኬውም ወደ አንድ ወገን መሄድ ይጀምራል። ማስተካከሉ ልምድ ስለሚፈልግ ለሜካኒክ መተው ይሻላል፤ ቶሎ መስማቱ ግን የባለቤቱ ነው።

ፍሬን ላይ ሦስት ነገር ይታያል። እጀታው ሲጨበጥ መሪውን እስኪነካ መምጣት የለበትም፤ ከመጣ ገመዱ ላልቷል ወይም ላስቲኩ አልቋል። ላስቲኩ ላይ ያሉት መስመሮች ከጠፉ ይቀየራል፤ ውስጡ የተቀበረ ጠጠር ወይም የብረት ፍንጣሪ ካለ በመርፌ ይወጣል፣ ያለዚያ ቸርኬውን ይቦረቡረዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ላስቲኩ ቸርኬውን ብቻ ይንካ። በአንድ ጎን ከፍ ብሎ ጎማውን የሚነካ ላስቲክ የጎማውን ጎን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ አንድ ቀንም ይፈነዳል። ይህ አደገኛ የሚሆነው ቁልቁለት ላይ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ሳይለቅ ይዞ ቢወርድ ቸርኬው እጅ የሚያቃጥል ያህል ይግላል፣ ከመነዳሪውም ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ፣ በየመሃሉም ቸርኬው ንፋስ እንዲያገኝ ማድረግ ይገባል። እንዲህ ካለ ቁልቁለት በፊት ጎማው እስከ ወሰኑ ተሞልቶ ከሆነ፣ ከመውረድ በፊት ከ5 እስከ 10 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ማውጣት ይበጃል።